የካርቶን ሰዓት

ከፒዛ ካርቶን ቆርጬ፣ በሚስማር ወግቼ መሐሉን፣
ሁለት ዘንግ ሰካሁበት፣ ረጅሙንና አጭሩን።
ባርባቴ ነው፣ ከባሕሩ ዳር። ሌቫንቴ የሚሉት ነፋስ
መስኮቱን ይዞ ሲያንገጫግጭ፣ አሸዋ ከደጃፍ ሲያፈስ፣
ከምሳ በኋላ፣ አገር ምድሩ ጋደም ባለበት ሰዓት፣
አሥራ አንድ ልጆች አሉኝ፤
እንቅልፍና እንግሊዝኛ እኩል የሚጎትቷቸው በጉልበት።
«ቲቸር» ይሉኛል። ቃሉን ከነዜማው አውቀዋለሁ፤
ደሴ፣ አራተኛ ክፍል፣ ጣቴን ቀስሬ ብዬዋለሁ።

የዛሬው ትምህርት የቀን ውሎ ነው። ሰዓቴን ከፍ አደረግኩና
«አይ ጌት አፕ አት» ብዬ፣ አጭሩን ዘንግ ወደ አንድ አዞርኩና፣
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
«አንድ ሰዓት! ቲቸር እንደኔ ነው፣ እንደ ቅዳሜ!» አለ ኤሎይ።
አፌ ሰባት ሊል ነበር፤ ጣቴ ግን ቀደመብኝ፤
ቀን ከፀሐይ ጋር የሚቆጠርበት አገር ልማድ አሳበቀብኝ።
ነገርኳቸው፦ በእኛ ቤት ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ይበላል፤
እኩለ ሌሊት ስድስት ነው፤ ዶሮ ዐሥር ላይ ይጮኻል።
ትሪያና ግንባሯን ቋጠረች፦ «ታዲያ የማን ነው ትክክሉ?»
«ለፈተናው የእንግሊዞቹ፤ ለፀሐይዋ ግን የእኛ ነው ልኩ።»

ቀጥሎ ሆቢ። «ኾቢ» ይላሉ፣ ከጉሮሯቸው እየፋቁ፤
«እስፖርት» ይላሉ፣ «እስኩል» ይላሉ፣ በዚያች በ«እ» እየታረቁ።
ልቆጣ አልኩና ተውኩት። ያቺን «እ» መች አጣኋት?
እናቴ ቤት «እስቶቭ» ለኩስ ስባል ነው ያደግኩባት።
ሁለት ድምፅ ተጣብቆ ሲመጣ
ደጃፍ ላይ መረማመጃ የምናኖር ሕዝቦች ነን።

እኔ ሆቢን ያወቅኩት ቅጽ ላይ ነው፦ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ»።
ትርፍ ጊዜ በየት በኩል እንደሚሸጥ ሳልጠይቅ
«ማንበብ» ብዬ ሞላሁት፤ ሁሉም እንደዚያ ይሞላ ነበር።

ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩ። በግራ ውሎ፣ በቀኝ ሆቢ።
ትሪያና የሞቱ ስልኮች ፈቺ፣ ናዛሬት ጥፍር ቀቢ።
ኤሎይ «መተኛት» አለ፤
«በየትኛው?» ብዬ ሳልጨርስ በሁለቱም ጽፎ ተደላደለ።

ቻኖ ግን ስለ አባቱ ጻፈ። አባቱ የቱና መረብ ሳቢ ነው።
«ዐሥር ሰዓት ላይ ይነሣል፣» ማለቴ አራት፣ ይኸው ደግሞ ተሳሳትኩ፣
«ጫማውን በእጁ ይዞ ይወጣል፣ እኛን እንዳይቀሰቅስ።
ከቀትር በኋላ ይመለሳል። እጁ ዓሣ ይሸታል። አያወራም።»
ኤስ የለችም። ከአንዱም ግሥ ጫፍ ላይ ኤስ የለችም።
ባርባቴ ውስጥ በገዛ ቋንቋቸውም አትነገርም፤
ነፋሱ ከቃሉ ጫፍ ያነሣታል፣ እንደ ልብስ ከገመድ ላይ።
በቀይ እስክሪብቶ አምስት ቦታ ለቅሜ መለስኳት።
ገና ሳልጨርስ ልጁ እጁን አወጣ፦

«እሁድ ሥራ የለውም፣ ቲቸር። ግን ያው በዚያው ሰዓት ይነሣል፤
ወደብ ሄዶ፣ የሲሚንቶው ግንብ ላይ ተቀምጦ፣ ባሕሩን ያያል።
ይኼ ውሎ ነው? ወይስ ሆቢ? የት ልጻፈው?»

ጠመኔውን ሰጠሁት።
በግራ ቆመ። ወደ ቀኝ ሄደ። ተመለሰ።
ኤሎይ እንኳ ቀና ብሎ አየ።
በመጨረሻ፣ እኔ ያሰመርኩት መስመር ላይ ራሱ፣
ከላይ ወደ ታች፣ ፊደሎቹን እንደ መልሕቅ ገመድ አወረዳቸው፦
ሂ ዋችስ ዘ ሲ።
ኤሷን ፈለግኩ። አለች። ማንም አልነገረውም።

ለጽዳት ሠራተኛዋ «ይህን አታጥፊብኝ» ብዬ
በእስፓኝኛ ወረቀት ለጠፍኩላት።
አንድ ሆሄ ገድፌ መሆን አለበት፤
ጠዋት፣ በእኔ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ፣
ሰሌዳው ታጥቦ እየደረቀ ነበር።